የነሐሴ ትንንሽ ደስታዎች፦ በመሐል አዲስ አበባ ወሩን የምትወዱበት ነገር ምንድን ነው?

ካፊያ ዘፒያሳ (ክሩን የከፈተው)
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 2፡10

ውድ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣

ክረምት በገባ ቁጥር እዚህ የሚነበበው ስለ ጭቃ፣ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ መብራት መጥፋት ብቻ ሆኗል። እሮሮው እውነትነት አለው፤ እኔም ከአማራሪዎቹ አንዱ ነኝ። ሆኖም ነሐሴ በመሐል ከተማ ለሚውል ሰው ሌላው ወር የማይሰጠውን ነገር እንደሚሰጥ ስለማምን፣ ለአንድ ሰሞን እንኳ ወሩን የምናመሰግንበት ክር ልክፈት ብዬ ተነሣሁ። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በለገሃር፣ በመርካቶ ወይም በእነዚህ መካከል በሚገኝ ሰፈር ስትውሉ፣ ነሐሴ ባይሆን ኖሮ የማታገኙት ትንሽ ደስታ የትኛው ነው? በዓላቱን ለጊዜው ተዉአቸውና የዘወትሩን ንገሩኝ።

ከራሴ ልጀምር። እኔ የምወደው ዝናብ መንገድ ላይ ሲይዘኝ ነው። ከቢሮ ወጥቼ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል መጥቆር ይጀምራል፤ ሰው ሁሉ እርምጃውን ያፈጥናል፤ የመጀመሪያዎቹ ወፋፍራም ጠብታዎች አስፋልቱ ላይ ማረፍ ሲጀምሩ ሁላችንም አቅራቢያችን ወዳለው በረንዳ እንሮጣለን። ፋይሉን በላስቲክ የጠቀለለ ባለጉዳይ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ነጠላዋን በራሷ ላይ የደረበች እናት፣ ከክረምት ትምህርት የሚመለሱ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይቆማሉ። እነዚህ ሰዎች በጥር ወይም በግንቦት በዚያው መንገድ ሲተላለፉ ሰላም አይባባሉም። ነሐሴ ላይ ግን ጎርፉን እያዩ ጨዋታ ይጀምራሉ፤ አንዱ «ይኼ አሁን የሚያባራ አይደለም» ሲል ሌላው ቀና ብሎ አይቶ «ወደ ቦሌ እየሄደ ነው» ብሎ ይተነብያል፤ ሁለቱም ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ።

ከሁሉ የሚጥመኝ ደግሞ ጥፋተኛ አለመሆኔ ነው። «ዝናብ ይዞኝ ነው» ብሎ ያረፈደን ሰው በነሐሴ የሚቆጣ አለቃ እስካሁን አልገጠመኝም። በዓመቱ ውስጥ ማንም ሳይጠይቀኝ ዝም ብዬ የምቆምበት ጊዜ ይህ ብቻ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ የፒያሳ መልክ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ እጅግ ተለውጧል፤ የማውቃቸው አሮጌ በረንዳዎች ብዙዎቹ ዛሬ የሉም፤ የእግረኛው መንገድ ሲሰፋ መጠለያው ሳስቷል። በቀሩት ሥር ግን የሚቆመው ያው ሕዝብ ነው።

እስቲ የእናንተን አሰሙኝ።

የአራት ኪሎዋ
ነሐሴ 4፣ ከምሽቱ 3፡25

ወንድሜ ካፊያ፣ ክሩን ስለከፈቱልን አመሰግናለሁ። የእኔ ነሐሴ የተጠበሰ በቆሎ ነው። «በቆሎማ ማን ይጠላል» እንደምትሉኝ ስለማውቅ በዝርዝር ላስረዳ።

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ከሰላቸውን የሚያቀጣጥሉ እናቶች አሉ። እኔ ደንበኛ የሆንኋት እናት ትልቁን ጃንጥላዋን የምታስረው ከምድጃው በላይ ነው፤ የእርሷ ግማሽ ጎን ዝናብ ላይ ቢሆንም ከሰሉ ግን ጠብታ አይነካውም። እሸቱን ከመላጧ በፊት ጫፉን ብቻ ገለጥ አድርጋ ፍሬውን በአውራ ጣቷ ጥፍር ጫን ታደርገዋለች። ነጭ ወተት ከፈነጠቀ ለጋ ነውና ለቅቅል ይቀመጣል፤ ጥፍሯን ጨርሶ ካልተቀበለ ጠንክሯልና ጥርሱን ለሚያምን ደንበኛ ይቆየዋል፤ ስርጉድ ብሎ ጥቂት እርጥበት ብቻ የሚያሳየው ለፍሙ ይመረጣል። ከዚያም ልባሱን ወደ ታች ገልብጣ እጀታ ታደርገዋለች፤ ጺሙን በአንድ ጊዜ ሙልጭ አድርጋ ታነሣና ፍሙ ላይ ታጋድመዋለች። በግራ እጇ በካርቶን ቁራጭ እያራገበች በቀኝ እጇ ጣቶች በቆሎውን ታዞራለች። ጣቷን እንዴት እንደማያቃጥላት ብጠይቃት «ለምዶታል» ብላ ሳቀችብኝ። አንዳንዱ ፍሬ ሲጠቁር፣ ሌላው ወርቅማ ሲሆን፣ አልፎ አልፎም አንዱ ጧ ብሎ ሲፈነዳ፣ መልሳ በልባሱ ጠቅልላ ትሰጠኛለች። መብላት የምጀምረው ወዲያው አይደለም፤ መጀመሪያ ሁለቱን መዳፎቼን አሞቅበታለሁ።

አንድ ምክር ልጨምር፦ መኪና ውስጥ ሆናችሁ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ የምትገዙ ሰዎች ጥሩው አይደርሳችሁም። ወርዶ፣ ከምድጃው አጠገብ ቆሞ፣ «ይኼኛውን» ብሎ መምረጥ ያስፈልጋል።

ጋሽ ለገሃር
ነሐሴ 5፣ ከጠዋቱ 1፡40

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንሁ ዝናብ ቢይዘኝም የማረፍድበት ቢሮ የለኝም፤ ስለዚህ የካፊያ ደስታ ለእኔ አይሠራም። የእኔ ጠዋት ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጎሕ ሲቀድ፣ ቁርሴን በልቼ ወደ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ እወርድና ከአንበሳው ሐውልት ራቅ ብሎ ከሚቀመጥ አንድ ሊስትሮ ዘንድ ጫማዬን አስጠርጋለሁ።

በበጋ ጫማ ማስጠረግ ልማድ ነው፤ አቧራ ይነሣል፣ ቀለም ይቀባል፣ ያበቃል። በነሐሴ ግን ሥራው ራሱ ይታያል። ልጁ መጀመሪያ በስንጥር ከሶሉ ጎን የተጋገረውን ጭቃ ይፈነቅላል፤ ቀጥሎ በሳሙና ውኃ በነከረው ብሩሽ ዙሪያውን ያጥበዋል፤ በጨርቅ ያደርቅና ጥቂት ንፋስ እንዲመታው ይተወዋል፤ ቀለሙን የሚያነሣው ከዚያ በኋላ ነው። በብሩሹ ጀርባ ሣጥኑን ቷ ባደረገ ጊዜ እግሬን እቀይራለሁ፤ ቃል መለዋወጥ አያስፈልገንም። እኔ በዚህ መካከል አዲስ ዘመን ጋዜጣን አገላብጣለሁ፤ ከጎኔ ያለው ደንበኛ ደግሞ አንገቱን አስግጎ ከእኔ ጋር ያነብባል፤ ገጹን ከመግለጤ በፊት ጨርሶ እንደሆነ አየት አደርገዋለሁ።

ጫማው ሲያልቅ አዲስ ይመስላል። ገና አስፋልቱን ሳልሻገር ጭቃ እንደሚያገኘው እኔም ልጁም እናውቃለን፤ ያም ሆኖ ሁለታችንም በሥራው ደስ ይለናል። ነገ ተመልሼ እንደምመጣ ስለሚያውቅ የእርሱ ደስታ ሳይበልጥ አይቀርም።

ተጋቢኖ ወዳጅ
ነሐሴ 5፣ ከቀኑ 9፡50

ጾሙ ስለሆነ ከበየዓይነቱ በቀር የሚበላ የለም የምትሉ ሰዎች ነሐሴን አታውቁትም። ከስታዲየም ጀርባ ባለች፣ መስኮቷ በእንፋሎት ደብዝዞ ውስጧ በማይታይ ምግብ ቤት፣ ተጋቢኖው በሸክላው እንዳለ እየተንተከተከ ሲቀርብ ገበታው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ልብሱን ለማዳን ወደ ኋላ ሸሸት ይላል። ዳር ዳሩ ላይ ዘይቱ ጠፈፍ ብሎ፣ መካከሉ ገና ፍቅ ፍቅ እያለ ነው። አስተናጋጇ «ይቀዝቅዝ፣ አትቸኩሉ» ብላ ትሄዳለች፤ ሁላችንም እንቸኩላለን፤ የሁላችንም ምላስ ይቃጠላል። በሚያዝያ ሙቀት ይህን ምግብ በላብ ነው የምበላው፤ በነሐሴ ግን ቃሪያው ከጉሮሮዬ ወርዶ ጆሮዬን እስኪያሞቀኝ ድረስ እታገሠዋለሁ። ሌላ የምጨምረው የለኝም።

ጣሪያዬ ያፈሳል
ነሐሴ 5፣ ከምሽቱ 1፡30

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የሁላችሁንም ጽሑፍ ሳነብ ደረቅ ቤት የሚገቡ ሰዎች እንደጻፉት ያስታውቃል። እኔ ልደታ አካባቢ በአሮጌ ቤት ተከራይቼ የምኖር ሰው ነኝ። ቆርቆሮው ላይ ዶፍ ሲወርድ ድምፁ ለእናንተ የእንቅልፍ ዜማ ይሆናል፤ እኔ ግን ከድምፁ ሥር የሌላውን ድምፅ፣ ማለትም ከጣሪያው ወደ ወለሉ የሚወርደውን ጠብታ ነው የማዳምጠው። ባልዲው የት እንደሚቀመጥ፣ አልጋው ወዴት እንደሚሳብ፣ የትኛው ቁም ሣጥን በላስቲክ እንደሚሸፈን እያሰብሁ ነው የሚነጋው። ባለቤቱን ብለምነው «ክረምቱ ይውጣና» ይለኛል፤ ክረምቱ ሲወጣ ደግሞ የሚያፈስ ነገር ስለማይኖር ነገሩ ይረሳል።

ከዚህም በላይ፣ የአራት ኪሎዋ እህታችን በቆሎ የምትጠብሰው እናት ግማሽ ጎኗ ዝናብ ላይ እንደሆነ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጽሑፍ ተነብቧል፤ በዚያ ዐረፍተ ነገር ላይ የቆመ አንድ ሰው አላየሁም። ክሩን አልቃወምም፤ ካነሣችሁት አይቀር ግን ገንዘብም ደህና ጣሪያም የማይጠይቅ ደስታ ካላችሁ እርሱን ንገሩን።

የአራት ኪሎዋ
ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 12፡15

ጣሪያዬ ያፈሳል፣ የሰጡት አስተያየት ተገቢ ነው። ዛሬ ከሥራ ስመለስ ነገሩን ለራሷ ለበቆሎ ጠባሿ አነሣሁላት። «ዝናብ ባይዘንብ ይሻልሽ ነበር?» ብላት በመገረም አየችኝና «ዝናብ ከሌለ በቆሎ ማን ይገዛኛል? ፀሐይ የወጣ ቀን ገበያዬ ይሞታል» አለችኝ። የምትፈራው ዝናቡን ሳይሆን በረዶና ውሽንፍሩን ነው፤ ነፋሱ ጃንጥላውን ሲገለብጠው ፍሙም ከሰሉም በአንድ ጊዜ ያልቃሉ። ይህን ስጽፍ ብርዱ አይሰማትም ለማለት አይደለም፤ ጉልበቷ እንደሚቆረጥማት ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ለእኔ ደስታ የሆነው ነገር ለእርሷ እንጀራ እንደሆነ ግን ከአፏ ስለሰማሁ ነው ያመጣሁላችሁ።

የደመና ታዛቢ
ነሐሴ 6፣ ከምሽቱ 2፡40

ገንዘብም ጣሪያም የማይጠይቅ ነገር ለተጠየቀው፣ የነሐሴን ጠዋት አቀርባለሁ።

የከተማችን ክረምት የራሱ ሥርዓት አለው። በዚህ ወቅት እርጥብ አየር በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ በኩል ወደ ደጋው ይገባል። ጠዋት ፀሐይ ምድሩን ስታሞቀው ያ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ሲነሣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ደመና ሆኖ ይከመራል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይወርዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠችና በስተሰሜኗ ያለው እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ስለሚያልፍ፣ ተራራው ራሱ አየሩን ወደ ላይ እየገፋ ለደመናው ያግዘዋል። ካፊያ ዘፒያሳ ሰማዩ በእንጦጦ በኩል ሲጠቁር የሚያዩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ የተነሣ፣ ሌሊቱን ዘንቦ ካባራ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ድረስ ያለው ጊዜ ብዙ ቀን ንጹሕ ነው። አቧራውም ጭሱም ታጥቦ ወርዷልና ከመስቀል አደባባይ ሆናችሁ ወደ ሰሜን ብትመለከቱ የእንጦጦ ባሕር ዛፎች ጫፍ ለጫፍ ተለያይተው ይታያሉ። በየካቲት ከዚያው ቦታ የምታዩት ግራጫ ጥላ ብቻ ነው። ጠዋት ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው ቀና ማለት ብቻ ይበቃዋል።

በዚሁ አጋጣሚ ሰው ሁሉ የሚከራከርበትን ነገር ላንሣ። የዓመቱ ብርድ የበረታባቸው ሌሊቶች በነሐሴ አይገኙም፤ የሚገኙት በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በእነዚያ ወራት ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድሩ በቀን የሰበሰበው ሙቀት ሌሊቱን ያመልጣል። የነሐሴ ደመና ሌሊቱን ሙቀቱን ይዞ ያሳድራል፤ ቀኑን ግን ፀሐይዋን ስለሚከለክለን ከሌላው ወር ይልቅ የሚበርደን በቀን ነው። ነሐሴ ጋቢ በቀትር የሚለበስበት ወር መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው፤ እኔም ከደስታዎቼ አንዱ እርሱ ነው። አራት እጥፍ ፈትል በትከሻ ላይ ጥሎ፣ እጅን ከውስጥ ሸሽጎ፣ በቀትር ምሳ መብላት በየትኛውም ሌላ ወር አይታሰብም።

የሥላሴ ሰፈር ልጅ
ነሐሴ 7፣ ከቀኑ 10፡30

እኔም ጣሪያ የማይጠይቅ እጨምራለሁ፤ ይልቁንም ጣሪያው የሁላችን የሆነ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ በፍልሰታ ቅዳሴው በየቀኑ ነው፤ የሚቀደሰውም ከቀትር በኋላ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሰዓት የደመና ታዛቢ እንዳስረዱን ዝናቡ የሚወርድበት ሰዓት ነው። ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ውስጥ ቆሜ ውጭው ሲጨልም፣ ዝናቡ ሲበረታና የካህናቱ ዜማ ከዝናቡ ድምፅ ጋር ሲቀላቀል የሚሰማኝን ነገር በሌላ ወር አላገኘሁትም። ሌላው ጊዜ ቅዳሴ ለብዙዎቻችን የእሑድ ነው፤ ሰው በሌሊት ተነሥቶ፣ እንቅልፉን ተዋግቶ ይቆማል። በፍልሰታ ግን ሥራ ያለው ፈቃድ ጠይቆ፣ ተማሪው ትምህርት ስለተዘጋ፣ ሕፃናቱም ከወላጆቻቸው ጋር ጾመው ይመጣሉ። ነጭ የለበሱ ትንንሽ ልጆች ቆርበው ሲወጡ፣ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ጭቃውን እየዘለሉ ለመራመድ ሲጠበቡ ማየት ራሱን የቻለ ደስታ ነው። እናቶቻቸው «አትዝለል!» ሲሉ፣ የልጆቹ ዓይን ከነጠላው በላይ ይስቃል።

ከዚያ ወጥቶ የሚበላው በቆሎ፣ የአራት ኪሎዋ እንደተረኩት፣ የቀኑ መጀመሪያ ምግብ ስለሆነ ጣዕሙ እጥፍ ነው።

ባለሸማ ተራ
ነሐሴ 7፣ ከምሽቱ 3፡00

ከመርካቶ ነው የምጽፈው፤ የሱቅ ነጋዴ ነኝ። የእኛን ነሐሴ ያየ ሰው ገበያው ሞቷል ይላል። ደንበኛው ይቀንሳል፣ ተሸካሚው ጭነቱን በሸራ ሸፍኖ ይቆማል፣ ከበራፉ ላይ የተሰቀለው ልብስ ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። በገቢ ደረጃ ከተቆጠረ ኪሳራ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን በሌሎቹ ወራት ከጎረቤቴ ነጋዴ ጋር የምነጋገረው «ዝርዝር አለሽ?» ከሚል በላይ አይሆንም። በነሐሴ ዝናቡ ሲጀምር ከአራት ሱቅ የተሰበሰብን ሴቶች አንዱ ሱቅ ውስጥ በጣቃ ጨርቅ ላይ እንቀመጣለን። ሻይ የምታዞረው ልጅ ፔርሙሷን በፎጣ ጠቅልላ ትመጣለች፤ ቀረፋውና ቅርንፉዱ ክዳኑ ከመከፈቱ በፊት ይሸታል። አንዷ ስለ ልጇ ጋብቻ፣ ሌላዋ ስለ ጉልበቷ ሕመም ታወራለች። ዓመቱን ሙሉ አጠገቤ የምትነግድ ሴት ጥሩ ቀልደኛ መሆኗን ያወቅሁት በክረምት ነው።

አሱር ሲደርስ ወደ አንዋር መስጊድ የሚሄደው ይሄዳል፤ የቀረነው እዚያው ሱቁ ውስጥ እንሰግዳለን። ዝናብ ሲወርድ የሚደረግ ዱዓ ተቀባይነት አለው ተብሎ ስለተማርን፣ በዚያን ሰዓት ወሬው ሁሉ ይቆምና እያንዳንዳችን የየራሳችንን እንለምናለን። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሻይ ሁለተኛው ዙር ነው፤ እርሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ስኳሩ በዛ ይላል፤ ለምን እንደሆነ ልጅቱን ጠይቄያት አላውቅም።

ባለ አራተኛ ፎቅ
ነሐሴ 8፣ ከቀኑ 7፡05

አሁን ከመስኮቴ የማየውን ልጻፍላችሁ። ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ለቀናት ልብስ አልደረቀልንም፤ የታጠበው ሁሉ ወንበር ላይ፣ በር ላይ፣ ምጣድ ላይ ጭምር ተሰጥቶ የእርጥበት ሽታ ይዟል። ከግማሽ ሰዓት በፊት ፀሐይ ብቅ ስትል ግቢው በሙሉ ተነሣ። ከየበረንዳው ብርድ ልብስ፣ ጋቢ፣ የሕፃን ዳይፐር ጨርቅ፣ ፍራሽ ሳይቀር ወጣ። ማንም ማንንም አልጠራም፤ ሁሉም በአንድ ደቂቃ ነው የወጣው። የማላውቃት የማዶ ብሎክ ሴት አንሶላዋን ስታራግፍ ዓይን ለዓይን ተጋጨንና ሁለታችንም ሳቅን። ሥራዬን ትቼ ከአንሶላዎቹ አጠገብ ቆሜያለሁ፤ ፀሐይዋ የማትታመን ስለሆነች ጥበቃ ያስፈልጋል። ካፊያ ዘፒያሳ ዝናቡ እንደሚያቆማቸው ጽፈዋል፤ እኔን የምታቆመኝ ፀሐይዋ ናት።

(ማሻሻያ፣ 7፡40፦ ዘነበ። አንሶላውን አትርፌያለሁ፣ ፍራሹን ግን አልቻልሁም።)

የመሐል ሜዳ
ነሐሴ 8፣ ከምሽቱ 4፡20

አጭር ነው፦ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ የሚጀምረው በዚሁ ወር ነው። ከሰኔ ጀምሮ ባዶ የከረመው የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት እንደገና ሲሞላ፣ ሃምሳ ሰው እርጥብ ጃኬቱን እንደለበሰ በአግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ ሲቀመጥ፣ ክፍሉ በሰው ትንፋሽ ብቻ ይሞቃል። ዳኛውን በአንድነት መስደብም ያሞቃል።

የሥላሴ ሰፈር ልጅ
ነሐሴ 9፣ ከቀኑ 6፡00

ካፊያ በዓላትን አታንሡ ብለዋልና ስለ ቡሄ ዕለት አልናገርም፤ ልምምዱ ግን የዘወትር ነገር ስለሆነ ይፈቀድልኝ። እኛ ግቢ ልጆቹ በሆያ ሆዬ ለነሐሴ 12 ማታና ለ13 የሚዘጋጁት አሁን ነው። ማታ ማታ ደረጃው ሥር ተሰብስበው በዱላቸው ወለሉን እየመቱ ይለማመዳሉ። አውጪው የድምፁን ያህል ግጥሙን ስለማይችል ሌሎቹ መሐል ላይ ያርሙታል፤ ይጣላሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ስለ ክፍፍሉም ገና ሳይሠሩ ይከራከራሉ፤ ትናንት የሰማሁት ክርክር ገንዘብ ያዡ ማን ይሁን የሚል ነበር። ዛሬ ዛሬ ከሙልሙሉ ይልቅ ብሩን እንደሚመርጡ አውቃለሁ፤ ቤታችን ግን ሁለቱንም ይሰጣል።

ጋሽ ለገሃር
ነሐሴ 9፣ ከቀኑ 8፡45

የሥላሴ ሰፈር ልጅ፣ «ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» የሚለውን አባባል አምኜ ጃንጥላዬን ለልጅ ልጄ የሰጠሁበት ዓመት ነበር። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምቱን እስከ መስከረም 25 እንደሚያደርሰው ለእርስዎም ለእኔም የታወቀ ነው፤ ጃንጥላችሁን እንዳትሰጡ። ልጆቹ ከለገሃር በኩል ብቅ ካሉ ግን ሙልሙሉ ተዘጋጅቷል።

ጣሪያዬ ያፈሳል
ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 1፡50

ሁላችሁም ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ። የደመና ታዛቢ ያሉትን የጠዋት እንጦጦ ከልደታ በኩል ለማየት ሞክሬ ነበር፤ ከፊቴ ሕንፃ ስለቆመ አልተሳካልኝም። ጣሪያውን በተመለከተ የጎረቤቴ ልጅ ወጥቶ የቆርቆሮውን መጋጠሚያ በሬንጅ ስለደፈነው፣ ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ ዝም ብሏል። ሁለተኛው እንደቀጠለ ነው።

እኔ የሚገርመኝ ይህን ያህል ሰው ጽፎ በለስን ያነሣ አለመኖሩ ነው። ነሐሴ ከበቆሎው ይልቅ የበለስ ወር ነው ብል ደስ ይለኛል። ከሰሜን የሚመጣው በለስ በየመንገዱ ዳር በጋሪ ላይ ተከምሮ የሚታየው በክረምት ብቻ ነው። ሻጩ በቢላው ሁለቱን ጫፎች ይቆርጣል፤ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይሰነጥቀዋል፤ ከዚያ ልጣጩን በቢላው ስለትና በአውራ ጣቱ መካከል ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገልጠዋል። ፍሬው ልጣጩ ላይ እንደተቀመጠ ያቀርብልሃል፤ አንተ የምትነካው የውስጡን ብቻ ነው። ዝናብ ያደረበት በለስ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ የገባ ያህል ቀዝቃዛ ነው። ዋጋውም የእኔን ኪስ አይጎዳም፤ ቆሜ ስለምበላውም ስለ ጣሪያ አላስብም።

ካፊያ ዘፒያሳ
ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 2፡30

በለስን መርሳታችን እውነትም ያሳፍራል። ልጆቼ ቤት አምጣ ስለሚሉኝ በብዛት መግዛት እፈልጋለሁ። ከየት ልግዛ? ሳይላጥ ይሻላል ወይስ ተልጦ?

ጣሪያዬ ያፈሳል
ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 2፡55

ለእርስዎ ቅርብ የሚሆነው ጊዮርጊስ አደባባይ አካባቢ የሚቆሙት ባለጋሪዎች ናቸው፤ ጠዋት ቢሄዱ ገና ያልተነካካ ያገኛሉ። ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ የዞረውን፣ ሲጫኑት እምብዛም የማይለዝበውን ይምረጡ። ለልጆች ከሆነ እዚያው አስልጠው፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይዘው ይሂዱ፤ በማግስቱ ስለሚጎመዝዝ ግን በዕለቱ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ነው የሚገዛው። እቤት እልጣለሁ ካሉ በጋዜጣ ይያዙት፤ እሾሁን ዓይን አያየውም፣ ጣት ግን ሲሰነብት ያውቀዋል።